ትምህርት አራት፦ የተለመዱ ስህተቶች

ታናሽ ወንድሜ ፎቶ ሲያነሳ አንድ ዓይኑን ይጨፍንና የምላሱን ጫፍ በከንፈሩ ጥግ ብቅ ያደርጋል። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እናታችን «ምላስህን አስገባ፣ ፎቶው ላይ ይወጣል» እያለች ታሾፍበት ነበር። እሷ ራሷ ፎቶ ወዳድ ነበረች። ስቱዲዮ ስትወስደን አገጫችንን ይዛ ወደ ካሜራው ታዞርና «ፎቶ ሲነሱ ዓይን አይጨፈንም» ትለናለች። እኔ ሁልጊዜ ጨፍኜ እወጣለሁ፣ እሱ አፍጥጦ ይወጣል። በኋላ እሱ የካሜራ ሰው ሆነ፣ እኔ የቤት ሰው ሆኜ ቀረሁ።

እናታችንን ስትሮክ ሲመታት ቀኝ ጎኗንና አንደበቷን አንድ ላይ ወሰደባት። የስፌት ሥራዬን ትቼ ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የእኔ ድርሻ ነበር፤ ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ አንሶላ መቀየሩ፣ ማገላበጡ። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ «እንዳትቆስል ቶሎ ቶሎ አገላብጧት» ብላ ሸኘችን። እንዴት እንደሆነ ግን አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅንም። እኔ እንደመሰለኝ አደረግኩ። ከራስጌዋ ቆሜ እጆቼን በብብቷ ሥር አስገባና ወደ ትራሱ ሳብ አደርጋታለሁ። ወደ ጎን ሳዞራት ደግሞ ያንኑ የማይሠራ ቀኝ ክንዷን ይዤ ነው። ከባድ ሴት ነበረች፤ የምጨብጠው ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ገላዋ አንድ ቀን እንኳ አልቆሰለም። በዚህ እኮራ ነበር፤ ጠያቂ ሲመጣ ጀርባዋን ገለጥ አድርጌ አሳያለሁ።

ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። «እማዬ፣ ዛሬማ አምሮብሻል» ይላታል፣ ግንባሯን ይስማል፣ ወዲያው ስልኩ ይጠራል። አልፈርድበትም ነበር። የታመመ ሰው ክፍል ለሁሉም አይሆንም፤ አንዳንዱ ሽታውን አይችልም፣ አንዳንዱ ዝምታውን አይችልም። የሚሠራው በሽተኛ ለሚያስታምሙ ሰዎች በኢንተርኔት ስልጠና የሚሰጥ ድርጅት ውስጥ ነው። ፎቶውንና ቪዲዮውን የሚያነሳው፣ የሚቆርጥ የሚቀጥለው፣ ድምፁንም የሚሰጠው እሱ ነው። ድምፁ ማር ነው። «እትዬ፣ ዛሬ ሰው አያነብም፣ ያያል» ይለኝ ነበር። እኔም ታዲያ አንተም እናትህን ቁጭ ብለህ ብታያት ምናለ እለውና እንሳሳቃለን።

አንድ ቅዳሜ ብርቱካኑን ትቶ ካሜራና መብራት ተሸክሞ መጣ። አብራው አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች፤ ለስልጠናው የምታማክረው እሷ ናት አለኝ። ለአዲሱ ትምህርት የሚፈልገው የተዋናይ ነገር ሳይሆን እውነተኛ ቤት፣ እውነተኛ አልጋ፣ እውነተኛ አስታማሚ ነው። አስታማሚዋ እኔ ነኝ። ስንቱ ሰው አንቺን አይቶ ይማራል መሰለሽ ሲለኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እስከዚያን ቀን ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ እናትሽ እንዴት ናት እንጂ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የፈቃድ ወረቀት አቀረበልኝ፣ ሳላነብ ፈረምኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ፤ የገዛ ወንድሙን ማን ይጠረጥራል? ለቀረጻው አዲስ አንሶላ ላነጥፍ፣ ፀጉሯን ላበጥር ስነሳ «ተይው፣ እንደ ወትሮው ይሁን» አለኝ።

እንደ ወትሮው አደረግኩ። ከራስጌ ቆምኩ፣ እጆቼን በብብቷ ሥር አስገባሁ፣ ሳብኳት። ባለሙያዋ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ወደ ወንድሜ ተጠጋችና በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው። እሱ እጁን ወዘወዘ፣ ቆይ እንደማለት። ደግማ ነገረችው፤ አሁንም ቆይ አላት። ከዚያ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ «ጎበዝ! አንዴ ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ጎበዝ፣ አሁን ደግሞ በመስኮቱ በኩል አለኝ፣ በመስኮቱም በኩል ሳብኳት። ባለሙያዋ ያቀረብኩላትን ሻይ ሳትነካ፣ እኔንም ሳትሰናበተኝ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የተማረ ሰው ኩራቱ አያድርስ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ብቻውን እየመጣ ቀረጸ። አንዴ ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይ፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ እጆቼን ብቻ ከቅርብ። ቤታችን እንደዚያ ሞቅ ብሎ አያውቅም። እሱ ሽታውንም ረሳው፣ ስልኩንም ዘጋው፤ ከእናቱ አልጋ አጠገብ ያን ያህል የቆየው ያኔ ብቻ ነው። እናታችንም ካሜራው ሲመጣ ዓይኗን ከዚያ አቅጣጫ አትነቅልም። እኔ ከራስጌዋ ስለምቆም ፊቷን ደህና አድርጌ አላየውም፣ የምታየው ወዴት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። «አንቺ ፎቶ ወዳድ፣ ዛሬም አፈጠጥሽ አይደል?» እያልኩ ስቀልድባት እሱም ይስቃል። ደስ ብሏታል ብዬ ነበር። ልጆቿ ሁለቱም አጠገቧ ናቸው፣ ምን ቀራት?

በእነዚያ ሳምንታት ቀኝ ትከሻዋ አበጠ። ስነካው ታቃስታለች። በሽታው ነው አልኩ፤ ስትሮክ የማያመጣው መዓት አለ እንዴ? ቅባት ገዝቼ አሸሁላት፣ ጨርቅ በሙቅ ውኃ እየነከርኩ አደረግኩላት። ፊቷ ትንሽ ሲፈታ ተመስገን እልና፣ ክንዷን ይዤ ወደ ጎን አዞራታለሁ። ለወንድሜም ነግሬው ነበር። ጎንበስ ብሎ አየውና «ይሻላታል፣ አይዞሽ» አለኝ።

ቀረጻው ሲያልቅ ወደ ብርቱካኑ ተመለሰ። ዝናቡ በበረታበት ሰሞን እናታችንን ሳንባዋን ብርድ መታትና አረፈች። ለቀብሯ የወጣትነት ፎቶዋን በትልቁ አሳጥቦ አመጣ። አፍጥጣ ነው የተነሳችው። ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ልጅ ነው ብሎ አመሰገነው፣ እኔም አመሰገንኩት።

ሐዘኑ ሲበርድ ባዶ አልጋና ባዶ እጅ ይዤ ቀረሁ። የስፌት ደንበኞቼ ሌላ ቤት ለምደዋል። የቀረኝ ያ እናቴን የያዝኩበት ሙያ ነው፤ ስለዚህ ወደ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሄጄ ሥራ ጠየቅኩ። ኃላፊዋ ትልቅ ሴት ናት፣ አነጋግራኝ ወደደችኝ። ቦታ አለ፣ ግን ያለ ሰርተፍኬት አንቀጥርም አለች። የምትፈልገውም የወንድሜ ድርጅት የሚሰጠውን ነው። ወሩ ሳያልቅ ካመጣሁ ቦታው የእኔ ነው፣ ካላመጣሁ በር ላይ ሌሎች አሉ። እየሳቅኩ ወጣሁ። ሰርተፍኬቱ የቤቴ ነው፤ እኔ እኮ ትምህርቱ ላይ ራሱ አለሁበት።

ለወንድሜ ስነግረው ወዲያው መዘገበኝ፣ ነገር ግን ፊቱ ቅር ያለው ይመስል ነበር። «እትዬ፣ አንቺ ሁሉንም ታውቂዋለሽ። ቪዲዮዎቹን ዝለያቸውና በቀጥታ ፈተናውን ውሰጂ» አለኝ። ለእኔ አዝኖ መሰለኝ። እኔ ግን ዘልዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም፤ ልብስ ስሰፋም ውስጥ ገብ ስፌቱን አልዘልም ነበር። ከጎረቤት ላፕቶፕ ተዋስኩና በእናቴ አልጋ ጫፍ ተቀምጬ ከትምህርት አንድ ጀመርኩ።

ሥራው ያምራል፣ እውነት ለመናገር። እጅ አስተጣጠቡን በፎቶ በፎቶ ከፋፍሎ ሲያሳይ ሕፃን እንኳ ይገባዋል። ማንኪያ ከየት በኩል እንደሚቀርብ፣ የተኛ ሰው ሥር አንሶላ እንዴት እንደሚቀየር፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከየትምህርቱ በኋላ ጥያቄ ይመጣል፤ ትክክል ስመልስ የወንድሜ ድምፅ «ጎበዝ!» ይለኛል። ብቻዬን እስቅ ነበር። እኔን የት ቦታ አስገብቶኝ ይሆን እያልኩ ሰርግ እንደተጠራ ሰው እጠባበቅ ነበር።

ትምህርት አራት ላይ ነው ያስገባኝ። ርእሱ «የተለመዱ ስህተቶች» ይላል። የእናቴ አልጋ መጣ፤ መስኮቱ፣ መጋረጃው፣ የእኔ ቡናማ ሹራብ። የእናቴን ፊት ብዥ አድርጎታል፣ የእኔ ግን ጥርት ብሏል። እጄን በብብቷ ሥር አስገብቼ ሳብኳት፣ ምስሉ ቀጥ አለ፣ ከላዬ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተሰመረ። ያ ማር የሆነ ድምፅ «ይህች አስታማሚ ከባድ ስህተት እየሠራች ነው» አለ። በስትሮክ የተመታ ክንድ ጡንቻው ስለሚላላ ሲሳብ ትከሻው ከመጋጠሚያው ይለቃል አለ። ያብጣል፣ ታማሚው መናገር ባይችል እንኳ ሕመሙ ብርቱ ነው አለ። ቀጥሎ አንዲት ተዋናይ ንፁህ አልጋ ላይ ትክክለኛውን አሳየች፤ ጉልበት አጠፍ፣ መዳፍ ከትከሻው ጀርባ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን። አረንጓዴ ምልክት ተደረገላት።

ከሥሩ ሰዎች አስተያየት ጽፈዋል። አንዱ «ጆንያ ነው እንዴ የምትጎትተው?» ብሎ የሳቅ ምልክት ደርድሯል። አንዷ «የእጇን ይስጣት» ብላለች። ሌላዋ ደግሞ እኔም እናቴን እንደዚህ ነበር የምይዛት፣ ዛሬ ተማርኩ፣ ተባረኩ ትላለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ካሜራ ከመምጣቱ በፊት የተባለ መሆን አለበት። ግን ሰው ፊት መዋረዴ አልነበረም ያንገበገበኝ። ያ ትከሻ ነው። ሙቅ ጨርቁ ነው። አሽቼላት ስጨርስ ክንዷን ይዤ ማዞሬ ነው። እጆቼን አየኋቸውና የት ላድርጋቸው አልኩ።

በማግሥቱ ወንድሜ የሚሠራበት ቦታ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የተወጠረበት ክፍል ነው። ወለሉ ላይ በፕላስተር የተለጠፉ ገመዶች አሉ፣ መብራቶች በየእግራቸው ቆመዋል፣ ጥግ ላይ ያ ንፁህ አልጋ ተነጥፏል። ሰው ታሞ ተኝቶበት የማያውቅ አልጋ። ወንድሜ ፊቴን ሲያይ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀና በሩን ዘጋ።

አልጮህኩበትም። እሱ ግን እንደተጮኸበት ሰው ቶሎ ቶሎ ያስረዳኝ ጀመር። መጀመሪያ ተዋናይዋን ስህተቱን እንድትሠራ አድርገው ሞክረውት ነበር፤ ውሸት መሆኑ ያስታውቃል፣ ተመልካች ይዘለዋል። የእውነት ስህተት ግን ከሰው ልብ አይወጣም። ከሁሉም በላይ የታየው ትምህርት አራት ነው፣ በየቀኑ ምስጋና ይጻፍለታል። የሚናገረው ውሸት አልነበረም፤ ያን የምስጋና ቃል እኔም በዓይኔ አንብቤዋለሁ። የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ለምን አስቀድመህ አልነገርከኝም ስለው፣ ሐዘን ላይ ስለነበርሽ ነው አለ።

እኔ ግን የመጣሁበት ሌላ ነው።

«ስህተት መሆኑን መቼ ነው ያወቅከው?»

የማዳመጫውን ገመድ በጣቱ ላይ ይጠመጥማል።

«ያቺ ባለሙያ በጆሮህ የነገረችህ ይህንን ነው?»

«አዎ።»

«በመጀመሪያው ቀን።»

«እትዬ፣ የሚቀሩን ምስሎች ነበሩ። ከነገርኩሽ ታስተካክያለሽ፣ አንዴ ካስተካከልሽ ደግሞ እንደዚያ ሆኖ አይገኝም። እሷም በዚህ ነው ጥላኝ የሄደችው። ስንጨርስ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር።»

«ስትጨርስስ?»

«ረሳሁት።»

ሰው ጃንጥላ ይረሳል። ምድጃ ላይ ወተት ይረሳል። የእናቱን ትከሻ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ይሻላታል ብሎ፣ ከዚያ ይረሳል? ብዙ ስድብ አፌ ላይ መጣ፣ አንዱም አልበቃ አለኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። የእኔ ወንድም ማስጣሉ ይቅር፣ ፎቶ እያነሳ ነበር።

የእሷን ፊት ለምን ሸፈንከው አልኩት። እፎይ ያለ መሰለኝ፤ መልሱን የሚያውቀው ጥያቄ ነው። ታማሚዋ ፈቃዷን መስጠት ስለማትችል ክብሯን ለመጠበቅ ነው፣ የድርጅቱ ደንብ ነው አለ። ክብሯን አለኝ። ሳቅኩ፤ ሳቄ ለራሴም አስፈራኝ። ያልተሸፈነውን አሳየኝ አልኩት። አይቻልም፣ የድርጅቱ ንብረት ነው አለ። እናቴ ናት አልኩትና አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ካላሳየኝ እንደማልነሳ ስለሚያውቅ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው።

ያልተቆረጠው ቀረጻ ድምፅ አለው። የቤታችን በር ሲጢጥ ሲል ይሰማል። እኔ «እማዬ፣ ዛሬማ ከብደሻል» እያልኩ እስቃለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ የነበረውን ፊቷን ከፊት ለፊት አየሁት። ስስባት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ዓይኗ ግን ካሜራውን አያይም። ከካሜራው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚያየው፣ የያዘውን ሰው። ደህናው ግራ እጇ ከአንሶላው ይነሳና ወደ እሱ ይዘረጋል። «ጎበዝ! አንዴ ድገሚልኝ» ይላል የእሱ ድምፅ። እጇ ይወድቃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ያንኑ። ታየዋለች፣ እጇ ይነሳል፣ ጎበዝ ይለኛል፣ እስባታለሁ። በሌላውም ቅዳሜ ያው ነው። በመጨረሻው ቀን ቀረጻ ላይ ግን እጇን አላነሳችም። ገና ወደ ራስጌዋ ስጠጋ ፊቷን ከእሱ አዞረችና ዓይኗን ጨፈነች። ፎቶ ሲነሱ ዓይን አይጨፈንም ትለን የነበረችው እናቴ ጨፍና ጠበቀችኝ።

«አንተን ነው የምታየው» አልኩት። «እኔ ፎቶ ወዳድ እያልኩ የቀለድኩባት፣ አንተን ነው የምታየው።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስቆርጠው ነው ያየሁት። ለዚህ ነው ፊቷን...»

አልጨረሰውም። የክብሩ ደንብ እዚህ ላይ አለቀ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ፤ ትንሽ ልጅ ሆኖ ስቱዲዮ ውስጥ መብራቱ ሲያስፈራው እንደሚያለቅሰው አድርጎ። ያኔ የማባብለው እኔ ነበርኩ። አሁን እጄ አልታዘዝ አለኝ። አወርደዋለሁ፣ ዛሬውኑ ከነፈተና ጥያቄው አወርደዋለሁ አለኝ።

«አታውርደው» አልኩት። «አሁን የሆነች ሴት እናቷን በክንዷ እየጎተተች ይሆናል። የሚነግራት ወንድም ከሌላት ቪዲዮው ይንገራት።»

ይህን ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ የብረት ድጋፉን ይዤ ቆምኩ። ያልኩትን ያልኩት ለእሱ አዝኜ አልነበረም። ለዚያች «ተባረኩ» ብላ ለጻፈችው ሴት እናት ነው። ያችኛዋ ትከሻዋ ይተርፍ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ፈተናውን ለመውሰድ ያንኑ ላፕቶፕ ተውሼ ያንኑ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባልወስደው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ ሐዘን አያውቅም፣ ከመንከባከቢያው ሌላ የሚጠብቀኝ በር የለም። ደግሞ አሁን ትክክለኛውን አውቄዋለሁ። ትራሱን ሰው አድርጌ ስንት ጊዜ አገላበጥኩት፤ ጉልበት አጠፍ፣ መዳፍ ከትከሻው ጀርባ፣ ቀስ። እንዲህ ቀላል ነበር። እንዲህ የቀለለ ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ይነገር ነበር፣ ከካሜራው ጀርባ ሳይወጡ እንኳ ይነገር ነበር።

ጥያቄዎቹ አልከበዱኝም። እጅ መታጠቡም፣ ማንኪያውም፣ አንሶላውም አለፈ። ከዚያ የእኔ ፎቶ መጣ። ቀዩ ምልክት የለውም፣ ተፈታኙ ራሱ እንዲያገኘው ተነስቷል። ከላይ «በዚህ ምስል ላይ አስታማሚዋ የሠራችው ስህተት የቱ ነው?» ይላል። አንዱ ምርጫ የአልጋው ከፍታ ነው፣ አንዱ አንሶላው አለመወጠሩ፣ አንዱ የታማሚዋን ደካማ ጎን በብብትና በክንድ ይዛ መሳቧ። የመጨረሻው «ስህተት የለም» ይላል። ሦስቱን ትቼ አራተኛውን ፈለግኩ፤ ቆይቼ አምስተኛም ፈለግኩ። ከካሜራው ጀርባ ስላለው ሰው የሚል አምስተኛ ምርጫ የለም።

ምስሉን ቀረብ አድርጌ አየሁት። የሸፈነው ፊቷን ብቻ ነው። ግራ እጇን አልሸፈነውም፣ ልብ አላለውም መሰለኝ፤ በምስሉ ጠርዝ ከአንሶላው ትንሽ ተነስቶ ወደ ተመልካቹ ተዘርግቷል። ይህን ሁሉ ሰው እጇን ዘርግታ ስትለምነው ኖራለች፣ ሰው የሚያየው ግን የእኔን እጅ ነው። ጣቴን በስክሪኑ ላይ፣ በእጇ ላይ አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

ከዚያ ሦስተኛውን መረጥኩ።

«ጎበዝ!» አለኝ ወንድሜ፤ እናቴን በሳብኳት ቁጥር ከካሜራው ጀርባ ይለኝ በነበረው በዚያው ድምፅ። ፈተናውን አለፍኩ።